ከጎንደር እስከ ደባርቅ በእናቶች ደጅ



ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬ ግን በአዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራ የምትሠራ የሦስት ልጆች እናት ናት። የመጀመሪያ ልጇ ጎንደር ከአያቱ ዘንድ ሆኖ ሲማር ቆይቶ፣ ቀን ጫት ማታ መጠጥ እየለመደ ትምህርቱን አቋርጧል። እናቲቱም እንዲህ ትላለች፦ «ለጎረቤት እንዳልናገር አፈርኩ። ሐኪም ቤት እንዳልወስደው በሽታ ይሁን ጥጋብ አላወቅሁም። ጸበል እንዳላስገባው ካላሰርኩት አይሄድልኝም። እባካችሁ፣ ልጄን የት ልውሰደው?»

ለዚህ ጥያቄ ከቢሮ ወንበር ሳይነሡ ምክር መጻፍ ይቻል ነበር። ዳሩ ግን እናቲቱ የጠየቀችው ምክር ሳይሆን ቦታ ነው። «የት?» ነው ያለችው። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጎንደር ተነሣሁ። ወደ ደባርቅ የሚያወጣው መንገድ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጸጥታው ችግር አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ የኖረ በመሆኑ፣ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ ነው የሄድኩት። በዚያ ያየሁትንና የሰማሁትን እነሆ እላችኋለሁ።

ጎንደር ለእንግዳ የምታሳየው አይታጣም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሯት ጀምሮ ነገሥታቱ በተከታታይ ያሠሯቸው ግንቦች እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፤ ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ አለ። እኔ ግን በዚህ ጉዞዬ ዓይኔን ከግንቡ አንሥቼ ወደ ጓዳ ጎዳናዎች ነበር የጣልኩት። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ፣ ከዚያም ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ስትሄዱ በየመንደሩ ደጃፍ በእንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ታያላችሁ። ጠላ አለ ማለት ነው። ከዚያው ጎን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ወጣቶች ወደዚያ ጎራ ይላሉ። ጫቱ ያነቃቸዋል፤ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ማታ ደግሞ ያንን ለመስበር «ጨብሲ» እያሉ መጠጥ ይጨምሩበታል። እንዲህ አንዱ ሌላውን እየጠራ ሁለት ልማድ በአንድ ሰው ላይ ይደራረባል። የደብዳቤዋ ጸሐፊ ልጅ የሄደበትም መንገድ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ጠላን መኮነን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ አሻሮው ተቆልቶ፣ ጥንስሱ በጋን ታፍኖ ለሠርግና ለዝክር፣ ለደቦና ለተዝካር የሚቀርበው መጠጥ የእናቶቻችን የእጅ ሙያ ነው። ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል በመቶ ጥቂት እጅ ሲሆን፣ ዳግም የወጣ አረቂ ግን እስከ አርባ አምስት እጅ ይደርሳል። ስለሆነም በጣሳ ሲጠጣ የኖረ ሰው ወደ መለኪያ ሲዞር፣ ያን ያህሉን በአንድ ጉንጭ እየወሰደው መሆኑን አያስተውልም።

በጎንደር በመጀመሪያ ያነጋገርኳቸው የአንድ ሰፈር እድር ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በደርዝ የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። «እድራችን ለታመመ አባል ጠያቂ ይልካል፤ ለሞተ ድንኳን ይጥላል» አሉኝ። «በመጠጥ የወደቀ ሰው ግን ከሁለቱም አይደለም እየተባለ ስንት ዓመት ከመዝገባችን ውጭ ኖረ። ወርኃዊ መዋጮውን ጠጥቶበት ሲቀር ቅጣት እንጽፍበት ነበር። ቅጣቱ ሲበዛ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ሚስቱና ልጆቹ ቀባሪ ያጣሉ። ያጠፋው እሱ፣ የተቀጡት እነሱ!»

አዛውንቱ እንደ ነገሩኝ፣ እድሩ በዚህ ጉዳይ ሁለት ስብሰባ ተጨቃጭቆ ሦስት ውሳኔ አሳልፏል። አንደኛ፣ በሐዘን ድንኳን አረቂ እንዳይቀርብ። ሁለተኛ፣ በመጠጥ የታወከ አባል ሕክምና እስከ ጀመረ ድረስ እንደ ታመመ እንዲቆጠርና ቅጣቱ እንዲነሣለት። ሦስተኛ፣ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ሁለት ሰው እንዲሸኘው። «ሁሉም አልተስማማም፤ ዛሬም የሚያጉረመርም አለ» ብለው ፈገግ አሉ። «ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ ደባቂዎች ሆነን ነበር።»

ከእድሩ ዳኛ ተሰናብቼ የሄድኩት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ይህ ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲመሠረት፣ ዓላማው በየገጠሩ ወርደው በሽታን የሚከላከሉ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ዛሬ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በመጠጥም ሆነ በሌላ ሱስ የታወከ ሰው የሚታየው በዚያ ነው። ብዙዎቻችን «የአእምሮ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ወደ ኋላ እናፈገፍጋለን። በወረፋው ወንበር ላይ ያየኋቸው ግን መምህር፣ ሾፌር፣ ልጇን ይዛ የመጣች እናት፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

አንዲት ነርስ የነገረችኝን በጥንቃቄ አንብቡት፤ ነፍስ የሚያድን ነውና። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊወድቅ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ፣ ትኩሳት ሊይዘውና ሊሞትም ይችላል። ይህን የሚያበርድ መድኃኒት አለ። ከእሱ ጋር ቪታሚን ቢ1 የተባለው ይሰጣል። በሐኪም ክትትል ከሆነ ይህ አስጊ ጊዜ በአብዛኛው ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። የጫት ልማድ ሲቋረጥ ደግሞ ድካም፣ ድብርትና ክፉ ሕልም ያመጣል እንጂ እንዲህ አይጥልም። ሁለቱን የሚወስድ ሰው ግን መጠንቀቅ ያለበት በመጠጡ በኩል ነው።

ይህን ስትነግረኝ የራሴ ቤት ትዝ አለኝና ብዕሬን አስቀመጥኩ። እኔም ታናሽ ወንድም አለኝ፤ አናጢ ነው። ከዓመታት በፊት መጠጡ ሲብስበት፣ እናታችንና እኔ ተማክረን በር ቆልፈንበት ነበር። ሦስት ቀን ከቻለ ይተወዋል ብለን አሰብን። በሁለተኛው ሌሊት ወለሉ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ አገኘነው። እናቴ ቁልፉን እጇ ላይ ይዛ «ልጄን ገደልኩት!» እያለች ጮኸች። ጎረቤት ደርሶልን በታክሲ ሐኪም ቤት አደረስነው። ተረኛዋ ነርስ የጠየቀችን የመጀመሪያ ጥያቄ «ካቆመ ስንት ሰዓቱ ነው?» የሚል ነበር። ለካ የሚታወቅ ነገር ነው! እኛ ብቻ ነን ያላወቅነው። ወንድሜ ተረፈ። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ተመልሶበት፣ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። ይህን የምነግራችሁ በር የመቆለፍ ሐሳብ ያላት እናት ካለች ቁልፉን ዛሬውኑ እንድታስቀምጥ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ የደባርቅን መንገድ ያዝኩ። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወለቃን አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ ብርዱ እየበረታ ይመጣል። ኮሶዬ ላይ ቆም ብላችሁ ወደ ቆላው ብትመለከቱ ተራራው ደረጃ በደረጃ ወርዶ በጉም ውስጥ ይጠፋል። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ የወገራ ገብስ ነው። በዚህ አገር የገብስ ነገር ከእንጀራና ከበሶ አልፎ ወደ ኮረፌ ይደርሳል። ገብሱ ተፈትጎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከጌሾ ቅጠል ጋር በጋን ይጠነሰሳል፤ ሁለት ሦስት ወርም ይቀመጣል። ሲፈለግ ከጥንስሱ ጥቂት ተወስዶ በውኃ ይበጠበጥና በቀኑ አረፋውን ደፍቆ ይቀርባል።

ዳባት ስንደርስ ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤት ለቤት እየተዞረ ልደትና ሞት፣ በሽታና ጤና የሚመዘገብበት የጥናት ጣቢያ ያለው በዚህች ወረዳ ነው። ይህችው ወረዳ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ደርሶባት በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በጤና ሥራ ላይ ያለች አንዲት ወጣት «ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ አረቂ የሚጠጣ ሰው በዛብን» ስትለኝ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አረቂ ለጊዜው ያስተኛል፤ ሌሊት ግን መልሶ ያባንናል። ለማስተኛትም ከትናንቱ የበለጠ ይጠይቃል። ሐዘን በመጠጥ ሲታጠብ ሐዘኑ ሳይለቅ መጠጡ ብቻ ይጨመራል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል ከ2800 ሜትር በላይ ናት። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄደው ጎብኚ የሚነሣው ከዚህ ነው። በብርዱ ምክንያት በጧት አንድ መለኪያ መቅመስ እንደ ነውር አይቆጠርም። አልኮል ግን ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይስጥ እንጂ፣ ሙቀቱ ከሰውነት ወደ ውጭ እንዲወጣ ስለሚያደርግ ብርዱን አይከላከልም። በመንገድ ዳር ሰክሮ ያንቀላፋ ሰው በውርጭ የሚጎዳው ስለዚህ ነው።

በዚያች ከተማ አረቂ አውጥተው የሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። እትዬ ልበላቸው፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ሦስት ልጆች ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ጓዳቸው በባሕር ዛፍ ጭስ ጠቁሯል፤ ድስቱ ተጥዶ፣ በመቃው ጫፍ አረቂው ጠብ ጠብ ይላል። ዓይናቸው ከጭሱ የተነሣ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ይህን ሥራ ይወዱታል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማን ወዶት ይሠራል?» አሉኝ። «ደብተሩንም ዩኒፎርሙንም የገዛው ይኸው ጭስ ነው። አንድ ቀን ግን አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣችና ደጃፌ ላይ አወረደችው። ‹ያባቱ ደመወዝ አንቺ ቤት ከቀረ፣ ልጁንም አንቺ አሳድጊው› አለችኝ። ቤቱን ጥላብኝ ልትሄድ ነበር እኮ! ይዤ አስቀመጥኳት። ሁለታችንም አለቀስን። እሷ እኔን ትረግመኛለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ሆኜ ኖሬያለሁ። የኔም ባል በዚሁ ነው ያለቀ።»

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ስለ መጠጥ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ይህንን ነው። አንዷ እናት ልጆቿን የምታበላበት ገንዘብ ከሌላዋ እናት ቤት የጎደለው ገንዘብ ነው። አንዷን ክፉ፣ ሌላዋን ምስኪን አድርጎ መሄድ ቀላል ነው። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ደጅ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ማንን ትከሳላችሁ?

እትዬ ከዚያ ቀን በኋላ ለራሳቸው ሕግ አወጡ። ፀሐይ ሳትወጣ ለመጣ ሰው አይሸጡም። በዱቤ አይሰጡም። ለተማሪ አይቀዱም። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በገቡት ዕቁብ ዕጣቸው ሲወጣም ሁለት በግ ገዝተው ማድለብ ጀመሩ። «ትተውታል ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ውሸት አልነግርሽም። ግማሹን ትቻለሁ፤ ግማሹን ገና ነኝ። በጉ በዓል ይጠብቃል፤ ልጁ ግን በየቀኑ ይበላል» አሉኝ።

ለተማሪ አለመቅዳታቸው ከአገሪቱም ሕግ ጋር የሚስማማ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የጠፋው በዚሁ አዋጅ ነው። ሕጉ በጋዜጣ ከወጣ ቆየ፤ በየደጃፉ የሚሠራው ግን እንደ እትዬ ያለ ሻጭ «አልቀዳም» ሲል ነው።

በደጋው አገር ሌላው ትልቅ ኃይል የነፍስ አባት ነው። መጠጥ ያሸነፈው ሰው ከንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ ይገዘታል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለዕድሜ ልክ ላይቀምስ ቃል ይገባል። ግዝቱን ያወቀ ጎረቤትም ጠጣ ብሎ አያስገድደውም። በየበዓሉ «እንዴ፣ ካልቀመስክማ!» እየተባለ ለሚቸገር ሰው ይህ ታላቅ ጋሻ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ መጠጥ ከመሠረቱ የተከለከለ በመሆኑ፣ በዚህ የተፈተነ ወጣት ቢኖር ሼሁና የመስጊድ ጓደኞቹ ድጋፍ ይሆኑታል። ያነጋገርኳቸው አንድ ካህን ስለ ጸበል ስጠይቃቸው፣ «ጸበሉ መድኃኒት አትዋጥ አይልም፤ የሚል ሰው ካለ ከራሱ ነው። በሰንሰለት የመጣ ሰው ግን ሰንሰለቱ ሲፈታ ወደ ነበረበት ይመለሳል። መጀመሪያ ሐኪም ያረጋጋው፣ ከዚያ በእግሩ ይምጣልኝ» ብለውኛል።

የሌላውን ዓለም ልምድ ብንመለከትም ነገሩ ከእኛው ማኅበር ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ፣ መጠጥ ያሸነፋቸው አንድ ነጋዴና አንድ ሐኪም ተገናኝተው ከመጠጥ ርቀው ለመኖር እርስ በርስ ተደጋገፉ። ከዚያ የተነሣው «ስማቸው የማይገለጽ አልኮሆሊኮች» የተባለው ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል። ዘዴው ቀላል ነው፦ አባላቱ በየጊዜው ይሰበሰባሉ፣ የደረሰባቸውን ሳይደብቁ ይነጋገራሉ፣ የወደቀውን ያነሡታል። ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ላለን ሕዝብ ተሰብስቦ መጠያየቅ አዲስ ትምህርት አይሆንብንም። አዲስ የሚሆነው ጽዋው ውስጥ የሚቀዳው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዋ ጸሐፊ ልመለስ። እኅቴ፣ «በሽታ ይሁን ጥጋብ አላወቅሁም» ብለሻል። አሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ጆን ዩዊንግ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሟቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። በእርጋታ ጊዜ፣ ሳይሰክር፣ ልጅሽን ጠይቂው፦

መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለህ አስበህ ታውቃለህ?
ሰዎች ስለ መጠጥህ ሲናገሩህ ትናደዳለህ?
ስለ መጠጣትህ ጸጸት ተሰምቶህ ያውቃል?
ጧት እንደ ነቃህ ለመረጋጋት ብለህ ጠጥተህ ታውቃለህ?

ለሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ «አዎን» ካለ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በተለይ አራተኛውን አዎን ካለ በምንም ምክንያት በድንገት አታስቁሚው።

የት እንደምትወስጂው ደግሞ ይኸውልሽ። ልጁ ጎንደር ካለ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ወደ አንቺ ከመጣ አዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ከሁለቱም ለሚርቅ ሰው በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ፕሮግራም መሠረት፣ በጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምንና የአልኮልን ችግር ለይተው እንዲረዱ በአገራችንም ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። በቀበሌሽ የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አትለፊያት፤ ሌላው ቢቀር ወደየት እንደምትሄጂ ታሳይሻለች። ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቃዥ ወይም ሲወድቅ ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ከሕክምናው በኋላ ያለው ረጅሙ መንገድ የቤተሰብና የሰፈር ነው። ለዚህ ደግሞ ከጉዞዬ የቀሰምኳቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ። ሰክሮ ሳለ አትከራከሩት፤ ጧት አነጋግሩት። ዕዳውን ዝም ብላችሁ አትክፈሉለት፤ ለምግብና ለሕክምናው ግን አትንፈጉት። ከጠጪ ጓደኞቹ የሚያርቀው የቀን ሥራ ፈልጉለት። ከእድሩ ወይም ከማኅበሩ አንድ የታመነ ሰው ምሥጢሩን ይወቅ። በቤታችሁ ዝክር ስትደግሱ ብርዝ ወይም ቅንጬ ያለ አረቂ ቢቀርብ በረከቱ አይጎድልም። ተመልሶ ቢወድቅም «አበቃለት» አትበሉ፤ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ዛሬ የማዕድ ቤቴን በር የሠራልኝ እሱ ነው።

ከደባርቅ ልነሣ ስል እትዬን ልሰናበታቸው ሄድኩ። ድስቱ አልተጣደም ነበር። በጎቹን ገብስ እያበሉ አገኘኋቸው። ያቺ ልጇን አዝላ የመጣችው ሴትም ከአጠገባቸው ተቀምጣለች። በሚቀጥለው ዕጣ እሷም ዕቁቡ ውስጥ ልትገባ ተስማምተዋል። ባሏ ግን ገና አልተወም። ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ ሊያግባቡት ከነፍስ አባቱ ጋር ቀጠሮ ይዘዋል።

«ስትጽፊ እንዲህ በይልኝ» አሉኝ እትዬ መኪናው ድረስ ሲሸኙኝ። «እኛ ሻጮቹም እናቶች ነን። ሌላ እንጀራ ብናገኝ ጭሱን አንናፍቀውም።»

እነሆ ጽፌያለሁ። ቸር ይግጠመን።